ጦም ያደረ የሚመስለው አፋፍ፦ ስለ አንኮበር ሴሪን የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚሄድ ሰው ገማሳ ገደል የሚባል ቦታ ላይ መቆሙ አይቀርም። ደጋው እዚያ ድንገት ያበቃል፤ ከፊት ለፊት ወደ ቆላው የሚወርድ ገደል ይከፈታል። አፋፉ ላይ ጭላዳ ሣር ይነጫል። መንገደኛው እሱን ፎቶ ያነሳና ይሄዳል። እግሩ ሥር ዘር ሲለቅሙ የነበሩትን ቡናማ ወፎች ልብ የሚል ጥቂት ነው።

ከእነዚያ መካከል አንዷ የአንኮበር ሴሪን ልትሆን ትችላለች። ካናሪ የምትባለው ቢጫ ወፍ ዘመድ ናት፤ የካናሪ ቢጫነት ግን የላትም፤ ዥጉርጉር ቡናማ ናት። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም። ጆን አሽ የተባለ የወፍ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 አግኝቷት በ1979 ሳይንሳዊ ስም ወጣላት። ለመጥፋት ስጋት ተጋልጠዋል ከተባሉት የአገራችን ወፎችም አንዷ ናት። ስለ እሷም ሆነ ስለ መኖሪያዋ በየጊዜው የምሰማቸው ነገሮች አሉ፤ አብዛኞቹ በቅን ልብ የሚነገሩ ናቸው፤ ግን ስህተት ናቸው።

«ስሟ የአንኮበር ነው፤ ያለችውም አንኮበር ብቻ ነው»

መጀመሪያ እንደዚያ ይታሰብ ነበር። በኋላ ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሰሜን ተራሮች ተገኘች፤ መንዝ ውስጥ ጓሳ በሚባለው ሰፊ የሣር ደጋ ላይም ትታያለች። ስሙ ግን ጎድቷታል። የአንኮበር ከተባለች የመንዝ ሰው ለምን የእኔ ናት ይበል?

«ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስላለች አትጠፋም»

ይህ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ መልካም። የሰሜን ሸዋው አፋፍ ላይ ያለችው ወፍ ግን በዚያ ድንበር አትጠበቅም። የእሷ መኖሪያ የገበሬው ማሳና የወል ግጦሽ ነው። የኢትዮጵያ ዋና ዋና የወፍ ቦታዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ተለይተው ሲዘረዘሩ 69 ነበሩ፤ የአንኮበርና የደብረ ሲና አፋፍ ከእነዚያ አንዱ ነው። ዝርዝር ውስጥ መግባት ግን አጥርም ጠባቂም አያመጣም።

«አፋፉ ጦም አድሯል፤ ዛፍ ይተከልበት»

ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚናገረው ሰው ተፈጥሮን የሚወድ ነው። ወፍ ሲባል ዛፍ ይታየናል፤ ደን ከሌለ ወፍ የለም እንላለን። እዚያው አቅራቢያ ያለው ትልቁ ደን ስሙ ራሱ ወፍ ዋሻ ነው። ወፍ ዋሻ የብዙ ወፎች ቤት ነው፤ ደኑን የሚነካ ሰው ካለ እኔም አብሬ እጮኻለሁ። የአንኮበር ሴሪን ግን የደን ወፍ አይደለችም። የምትፈልገው ገላጣ ደጋ ነው፦ አጭር ሣር፣ ድንጋይ፣ እዚህም እዚያም አስታ፣ ከአጠገቡ ገደል። የምትለቅመው ከመሬት ነው፤ ጎጆዋም ገደሉ ላይ ነው። ለእኛ ባዶ የመሰለው ለእሷ የሞላ ቤት ነው።

አፋፉ ላይ የሚተከለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዛፍ ነው። ሲያድግ ገላጣውን ይዘጋዋል፤ ከሥሩ ሣር እየሳሳ ይሄዳል፤ ዘርም አብሮ ይጠፋል። ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም። ውርጭ ገብሱን በሚመታበት ከፍታ ላይ ባሕር ዛፍ አጠናም ማገዶም ጥሬ ገንዘብም ነው፤ እኔም እዚያ መሬት ቢኖረኝ እተክል ነበር። ጥያቄው የት ይተከል የሚለው ነው። በየጓሮው፣ በየቤቱ ዙሪያ ቢተከል ወፏን የሚጎዳ ነገር የለም። አፋፉን ተከትሎ የሚሄደው ጠባብ ገላጣ ግን ይተውላት። በየክረምቱ የችግኝ ዘመቻ ሲታቀድም «ይህ ቦታ ድሮ ደን ነበረ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ደን ለነበረበት አገር በቀል ዛፍ ይመለስለት፤ ሣር ለነበረው ሣሩ ይበቃዋል።

«ገበሬውና ከብቱ ካልወጡ ወፏ አትድንም»

ከልክ ያለፈ ግጦሽ እንደሚጎዳ አልክድም፤ እስከ ገደሉ ከንፈር ማረስም እንዲሁ። ግን ይህች ወፍ ሰው በሚያርስበትና ከብት በሚግጥበት አገር የኖረች ናት። ገበሬውን ማስወጣት ደግሞ በተግባርም የማይሆን፣ በፍትሕም የማይቀበሉት ነገር ነው።

የሚሻለውን መንገድ የመንዝ ሰዎች ቀድመው ያውቁታል። ጓሳን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያስተዳደሩት አስቦና ጌራ የሚባሉ የአካባቢው ቀደምት አባቶች ዘሮች ናቸው፤ ሥርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር። አካባቢው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፤ ሰው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ያጭዳል፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ይህን ሁሉ የሠራው ገበሬው ራሱ ነው፤ የፓርክ ጥበቃ የሚባል ነገር አልነበረም። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ የቀድሞው የይዞታ መብት ቀረ፤ ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳም ተጎዳ። በኋላ ማኅበረሰቡ ኮሚቴ አዋቅሮ ጥበቃውን መልሷል፤ ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ቦታ ነው፤ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም አሉበት።

ለአንኮበር አፋፍ ጓሳን ቀድቶ መለጠፍ አይቻልም። ጓሳ አንድ ላይ ያለ ሰፊ መሬት ነው፤ አፋፉ ግን ቀበሌ ከቀበሌ እየቆራረጠው የሚሄድ ቀጭን መስመር ነው። የሚወሰደው ነገር፣ በኔ ግምት፣ ዘግቶ የመክፈቱ ልማድና የራስ ደንብ ነው፦ አፋፉ ላይ ሣሩ ታጭዶ ለከብት ይወሰድ፣ ማረሻ ከገደሉ ራቅ ይበል፣ ደንቡን የአካባቢው ሰው ይጻፈው።

«ይህን ያህል ብርቅ ከሆነች ማን ያያታል?»

ትታያለች፤ ዛፍ ላይ አይፈልጓት እንጂ። ገማሳ ገደል ላይ ነፋሱ ጋብ ሲል ከአፋፉ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ይቀመጡና መሬት መሬቱን ይመልከቱ። በመንጋ ስለምትለቅም አንዷ ከተንቀሳቀሰች ሌሎቹም ይገለጣሉ።