«የክፍተት አምላክ» ማለት ምን ማለት ነው? አባባሉስ ከየት መጣ?

ስለ ሃይማኖትና ሳይንስ ክርክር ባለበት ቦታ ሁሉ ይቺን አባባል ሳትሰሟት አትቀሩም። አንዱ «ሕይወት እንዴት እንደጀመረ ሳይንስ እስካሁን አልመለሰም፣ ስለዚህ ፈጣሪ አለ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ቶሎ ብሎ ከስር «ይሄ እኮ የክፍተት አምላክ ነው» ይለውና ክርክሩ እዛው ይዘጋል። ትርጉሟ ባጭሩ፣ የሰው እውቀት ያልደረሰበትን ቀዳዳ እየፈለጉ እግዚአብሔርን እዛ ውስጥ ማስቀመጥ ማለት ነው። አደጋው ደሞ ነገ ቀዳዳው ሲደፈን ያ አምላክ መቀመጫ ያጣል።

ብዙ ሰው ግን አባባሉን ኢአማኞች አማኝን ለማሸማቀቅ የፈጠሩት ይመስለዋል፣ እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሃሳቡን ያመጡት አማኞች ናቸው፣ ያውም ቄስና ሰባኪ፣ ያውም ለእግዚአብሔር ክብር ተቆርቁረው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩ 1859 ላይ ይጀምራል። ፍጥረታት በረጅም ጊዜ ቀስ በቀስ እየተለወጡ መጡ (ኢቮሉሽን የሚባለው)፣ ይሄም የሚሆነው ለአካባቢያቸው የሚስማሙት እየተረፉና እየተራቡ ነው (የተፈጥሮ ምርጫ) የሚለው የእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ የቻርልስ ዳርዊን መጽሐፍ የወጣው ኖቬምበር 24 ነው፣ ከዛ በፊት ግን ለተወሰኑ ሰዎች ተልኮላቸው ነበር፣ አንዱ ቻርልስ ኪንግስሊ የሚባል የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስና ደራሲ ነው። ኪንግስሊ ኖቬምበር 18 ቀን ለዳርዊን በጻፈው ደብዳቤ ላይ ያለው ነገር ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ እግዚአብሔር ራሳቸው እያደጉ መለወጥ የሚችሉ የመጀመሪያ ፍጥረታትን ፈጠረ ብሎ ማመን፣ እሱው ራሱ የተዋቸውን ክፍተቶች ለመሙላት እንደገና ጣልቃ መግባት አስፈለገው ብሎ ከማመን አያንስም፣ እንደውም የመጀመሪያው ሃሳብ ከፍ ያለ ሳይሆን አይቀርም። ልብ በሉ፣ መጽሐፉ ገና ሊወጣ 6 ቀን ሲቀረው «ክፍተት» የሚለው ነገር በቄስ እጅ ተጽፏል። ዳርዊንም ደስ ብሎት በ1860ው ሁለተኛ እትም ላይ ስሙን ሳይጠራ «አንድ ታዋቂ ደራሲና ካህን» ብሎ ሃሳቡን አስገባው።

ይሄን ስል ካህናቱ ሁሉ ተቀበሉት ማለቴ አይደለም። ጁን 30 ቀን 1860 ኦክስፎርድ ላይ ጳጳሱ ዊልበርፎርስ የዳርዊን ደጋፊ ከሆነው ሳይንቲስት ከሃክስሊ ጋር በዳርዊን ሃሳብ ላይ በክርክር የገጠሙትን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፣ እሱን አልደግመውም። ብዙ የማይወራው የማግስቱ ነው፣ እዛው ኦክስፎርድ ፍሬደሪክ ቴምፕል የሚባል ቄስ ቆሞ ሰበከና የእግዚአብሔርን ጣት መፈለግ ያለብን በተፈጥሮ ሕግ ውስጥ ነው እንጂ ሳይንስ ባልደረሰበት ቦታ አይደለም የሚል ስብከት ሰጠ። ይሄ ሰውዬ በኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆኗል! በሌላ በኩል አሜሪካ ውስጥ የፕሪንስተኑ የነገረ መለኮት ሊቅ ቻርልስ ሆጅ 1874 ላይ ዳርዊኒዝም ማለት ክህደት ነው ብሎ ደመደመ።

ሳይንቲስቶቹም ቢሆኑ አንድ አልነበሩም። ካምብሪጅ ላይ ለዳርዊን ጂኦሎጂ ያሳየው ሴጅዊክ (እሱም ቄስ ነው) መጽሐፉን ያነበብኩት ከደስታ ይልቅ በሕመም ነው ብሎ ጻፈለት፣ የሃርቫርዱ የተፈጥሮ ተመራማሪ አጋሲ ደሞ 1873 እስኪሞት ድረስ አልተቀበለውም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ዋላስ ነው። ዋላስ ማለት ከዳርዊን ጋር ሃሳቡን ለየብቻ ያገኘው ሰው ነው፣ 1869 ላይ ግን የሰው አእምሮ በተፈጥሮ ምርጫ ብቻ ሊመጣ አይችልም፣ ከበላይ የሆነ አእምሮ መርቶታል ብሎ ጻፈ። ዳርዊን ጽሑፉን ሲያነብ ዳር ላይ «አይደለም» ብሎ ጽፎ ሦስት ጊዜ አሰመረበት። የዳርዊን ደጋፊና ጠንካራ ክርስቲያን የነበረው የእጽዋት ሊቁ አሳ ግሬይም ልዩነት በፍጥረታት መሃል ለምን እንደሚከሰት ያኔ ማንም ስለማያውቅ፣ እግዚአብሔር ልዩነቱን ወደሚጠቅም አቅጣጫ ይመራዋል ብለህ ውሰድ ብሎ ዳርዊንን መከረው። ሁለቱም ትልልቅ ሳይንቲስቶች ናቸው፣ ሁለቱም እግዚአብሔርን ያስገቡት ያልታወቀው ቦታ ላይ ነው።

ክፍተቶቹ ደሞ ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ዳርዊን ራሱ የፎሲል መዝገቡ (በድንጋይ ውስጥ ተጠብቆ የተገኘው የጥንት ፍጥረታት ቅሪት) ምን ያህል ጎዶሎ እንደሆነ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፎ አምኗል፣ ተቃዋሚዎቹም እዛ ላይ ነበር የሚመቱት። መጽሐፉ በወጣ በ2 ዓመቱ 1861 ላይ ጀርመን ባቫርያ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ አርኪዮፕተሪክስ የሚባል የጥንት ፍጥረት ቅሪት ተገኘ፣ እንደ ወፍ ላባ ያለው፣ ግን እንደ እንሽላሊት ረጅም የአጥንት ጭራ ያለው፣ ክንፉ ላይም ጥፍር ያለው። በወፍና በተሳቢ እንስሳ መሃል ምንም የለም ብሎ እምነቱን እዛ ላይ የተከለ ሰው ምን ሊል ነው?

አባባሉን አሁን ወደምናውቀው መልክ ያመጣው ሄንሪ ድረመንድ ነው። 1851 ስኮትላንድ የተወለደ፣ ከታዋቂው ወንጌላዊ ሙዲ ጋር ከተማ ለከተማ እየዞረ የሰበከ፣ ግላስጎው ባለው የነጻ ቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ የተፈጥሮ ሳይንስ ያስተማረ ሰው ነው። 1893 ቦስተን ላይ ትምህርት ሰጠ፣ በቀጣዩ ዓመት «ዘ አሰንት ኦቭ ማን» በሚል መጽሐፍ ወጣ። እዛ ላይ ነው «ክፍተት ፍለጋ የተፈጥሮን መስክና የሳይንስን መጽሐፍ ያለ እረፍት የሚያስሱ መንፈሳዊ ሰዎች አሉ፣ ክፍተቱን በእግዚአብሔር ሊሞሉት። እግዚአብሔር ክፍተት ውስጥ የሚኖር ይመስል!» ያለው። ይቀጥልና አልፎ አልፎ የሚመጣ አምላክ ከሆነ አልፎ አልፎ ይሄዳል ማለት ነው ይላል፣ ሁሌም በሁሉ ያለ አምላክና አንዳንዴ ብቅ የሚል አምላክ የቱ ይከብራል ብሎ ይጠይቃል። እኔ ይሄን ሳነብ ትዝ የሚለኝ የኛ ገበሬ ነው፣ ልጁ ስለ ትነትና ደመና ትምህርት ቤት ተምሮ ቢነግረውም ዝናቡ ሲጥል «ተመስገን» ማለቱን አይተውም፣ የዝናቡ መንገድ መታወቁ ሰጪውን አያስረሳውም።

ድረመንድ ግን ዋጋ ከፍሏል። 1895 ላይ መጽሐፉ ለገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ በክስ ቀረበ፣ ጉባኤው ሳያወግዘው ቀረ፣ እሱም በ2 ዓመቱ ገና በ45 ዓመቱ አረፈ። ከዛ በኋላ ናዚዎች ያሰሩት ጀርመናዊ ፓስተር ቦንሆፈር 1944 ላይ ከበርሊን እስር ቤት በጻፈው ደብዳቤ እግዚአብሔርን ማግኘት ያለብን በምናውቀው ውስጥ ነው አለ፣ 1955 ላይ ደሞ የኦክስፎርዱ የሒሳብ ፕሮፌሰርና የሜቶዲስት አማኝ ቻርልስ ኩልሰን «የክፍተት አምላክ» የሚለውን አጠራር በሰፊው አስለመደው፣ ክፍተቶች ማንም የማያስቆመው የመጥበብ ጠባይ አላቸው ብሎ።

ስለዚህ አባባሉን ስትጠቀሙ ቦታውን እዩ። «ሳይንስ ይሄን አያውቅም፣ ስለዚህ እግዚአብሔር ነው» ለሚል ሰው በትክክል ይገባል። «ኢቮሉሽንም ሆነ የስበት ሕግ የእግዚአብሔር ሥራ መንገድ ነው» ለሚል አማኝ ግን አይገባም፣ እሱ የያዘው የኪንግስሊን፣ የቴምፕልንና የድረመንድን መልስ ነውና። እሱን መሞገት የፈለገ ሌላ ክርክር ያምጣ።