አልቡሚን ምንድን ነው?

አክስቴ ድሬዳዋ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ የላቦራቶሪ ወረቀቷን የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን «አልቡሚን 2.3» ከሚለው ጎን ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት አየሁ። ጎረቤቶቿ «ፕሮቲን አንሷት ነው» ብለው የተቀቀለ እንቁላልና የግመል ወተት ይዘው ከሳቢያን ሰፈር ድረስ መጡ። ደግነታቸውን አልረሳውም፤ ቁጥሩ የሚናገረው ግን ሌላ ነበር።

አልቡሚን ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። በፕላዝማ፣ ማለትም በደም ፈሳሽ ክፍል፣ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ከግማሽ የሚበልጠውን ድርሻ ይይዛል፤ በጤነኛ አዋቂ ሰው መጠኑ ብዙውን ጊዜ በዴሲሊትር ከ3.5 እስከ 5 ግራም ነው። ካልሲየምንና በርካታ መድኃኒቶችን ተሸክሞ ይዞራል። ከሁሉ በላይ ግን ውኃን በደም ሥር ውስጥ ይዞ ያቆያል። ሲያንስ ውኃው ወደ ሥጋ ይሰርጋል። የአክስቴን ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም ነበር።

ሐኪሞች ይህን ቁጥር አጥብቀው የሚያዩበት ምክንያት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ54 ሺህ በላይ የቀድሞ ወታደሮች ተከታትሎ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በፊት አልቡሚናቸው ከ4.6 በላይ ከነበረው መካከል በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት ከ1 በመቶ በታች ናቸው፤ ከ2.1 በታች ከነበረው መካከል ግን 29 በመቶ። እኔ ይህን ሳነብ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ታዲያ ገዳዩ የአልቡሚን ማነስ ነው? አይደለም። የድሬዳዋ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ የደቻቱ ወንዝ በደራሽ ጎርፍ ሊሞላ ይችላል፤ ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ከደጋው ነው። አልቡሚን ሲወርድም ከላይ የሆነ ነገር አለ። ሰውነት በኢንፌክሽን ወይም በከባድ ጉዳት ሲቆጣ የደም ሥሮች ግድግዳ ይላላና አልቡሚን ያመልጣል፤ ጉበትም እርሱን መሥራት ቀንሶ በሽታን ለመታገል የሚረዱ ሌሎች ፕሮቲኖችን ያመርታል። የታመመ ጉበት በበቂ አይሠራውም፤ የታመመ ኩላሊት በሽንት ያፈሰዋል። ረሃብ ብቻውን ግን እንደሚታሰበው ቶሎ አያወርደውም።

አልቡሚንን በደም ሥር መስጠትስ? ጉበታቸው በበሽታ ጠጥሮ ከሆዳቸው ብዙ ውኃ ለሚቀዳላቸው ሕሙማን ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ፣ ጣልያን ውስጥ ከባድ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን የሚያስነሳው ለሕይወት አስጊ የሰውነት ቀውስ) በያዛቸው 1,800 ያህል ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት ግን ቁጥሩን ከፍ ማድረግ በጥቅሉ የሞት መጠኑን አልቀነሰም።

የአክስቴ ሐኪምም ምክንያቱን ፍለጋ ሄደ፤ ኩላሊቷ አጠገብ የተቋጠረ መግል አገኘ። መግሉ ከተቀዳ በኋላ ትኩሳቷ ወረደ፤ እንቁላሉንም በፍላጎቷ መብላት ጀመረች። አንድ አልቡሚን በደም ውስጥ ሦስት ሳምንት ያህል ስለሚቆይ ቁጥሩ የሚያገግመው ቀስ ብሎ ነው፤ ከሆስፒታል በወጣችበት ቀን ገና 2.6 ነበር።