የክሪፕቶ ዋሌት አመራረጥ፦ ቁልፉ የት ይደር?

«ዋሌት» የሚለው ስም ያሳስታል። ሰው ሲሰማው በኪስ የሚገባ የገንዘብ ቦርሳ ይመስለዋል፤ ውስጡ ግን አንዲት ሳንቲም የለችም። ቢትኮይኑም ዩኤስዲቲውም (ዋጋው ከዶላር ጋር የተሳሰረው ዲጂታል ሳንቲም) ያለው በዓለም ዙሪያ በተበተኑ ኮምፒውተሮች ላይ እኩል በሚገለበጥ የሒሳብ መዝገብ ላይ ነው። ብሎክቼይን የሚሉት ይህንኑ መዝገብ ነው፤ የቢትኮይኑ የመጀመሪያ ገጽ የተጻፈው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 2009 ነበር። ዋሌት የሚይዘው፣ መዝገቡ ላይ «ይህን ያህል ከእኔ ወደ እገሌ ይዙር» ብሎ ለመፈረም የሚያስችለውን ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። ቁልፉ እጁ የገባ ሰው ሁሉ እንደ ባለቤት ያዛል። የባንክ ደብተር ቢጠፋ መታወቂያ ይዞ ቅርንጫፍ መሄድ ነው፤ ይሄኛው ቅርንጫፍ የለውም።

ባሕር ዳር ላይ፣ በዩኒቨርሲቲው በፔዳና በፖሊ ግቢ ዶርሞችም ሆነ ስልክ በሚጠገንባቸው ሞባይል ቤቶች፣ ጥያቄው ብዙ ጊዜ «የቱ አፕ ይሻላል?» ተብሎ ይመጣል። ምርጫውን የሚወስኑት ግን ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው፦ ቁልፉን የያዘው ማን ነው? ስልኩ ነገ ጣና ውስጥ ቢገባስ በምን ይመለሳል?

ሕጉን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ ግብይትና ክፍያ መፈጸምም ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በዘርፉ የተሰማሩ እንዲመዘገቡ ጥሪ አቀረበ። ግርም የሚለው፣ ከጣና ወጥቶ በከተማዋ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ዓባይ ጉባ ሲደርስ መብራት ይሆናል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ለቢትኮይን ማይነሮች፣ ማለትም በኮምፒውተር ስሌት አዲስ ቢትኮይን ለሚያመርቱ፣ ኃይል እየሸጠ በውጭ ምንዛሪ ይከፈለዋል። ማምረቱ ገቢ የሚገኝበት ሥራ፣ መገበያየቱ ክልክል። ይህ የዋሌት ምርጫን በቀጥታ ይነካል፤ የተዘረፈ ሰው «አቤት» የሚልበት ደጅ የለውም ማለት ነውና።

ብዙ ወጣት ወደ ዋሌት የገባው በቴሌግራም ጨዋታዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኖትኮይንና ሃምስተር ኮምባት ሲመጡ ስክሪን ሲነካካ ጣቱ የዛለ ተማሪ ሳንቲሙን መቀበያ ፈለገ፤ ያኔ ብዙዎቹ መጀመሪያ የከፈቱት እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ያለውን ዋሌት ነው። ይህኛው በአደራ የሚቀመጥበት ዓይነት ነው፤ ቁልፉ በድርጅቱ እጅ ነው። እንደ ባይናንስ ያሉ መገበያያዎች ውስጥ የተተወ ገንዘብም እንዲሁ። ምቾቱ አይካድም፦ ፓስወርድ ቢረሳ በኢሜይል ይመለሳል፣ ኔትወርክ (ገንዘቡ የሚላክበትን መዝገብ) መምረጥም ብዙ ራስ አያዞርም። አደጋው ባለአደራው ሲወድቅ ነው። በጃፓን የነበረው የቢትኮይን መገበያያ ማውንት ጎክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲዘጋ 850,000 ገደማ ቢትኮይን ጠፋ ተባለ፤ ኋላ 200,000 ያህሉ ተገኘ። ኤፍቲኤክስ የተባለው መገበያያ በኖቬምበር 2022 ሲከስር ደንበኞቹ ማለዳ ያዩት ቁጥር ማታ የማይወጣ ገንዘብ ሆነ። እኔ በበኩሌ ለሳምንት ወጪ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ እዚያ ቢቆይ አልነቅፍም፤ እናቶቻችንም የገበያውን በመቀነታቸው፣ የልጅ ማስተማሪያውን በሣጥን ነበር የሚያኖሩት።

ሣጥኑ ቁልፉ በራስ እጅ የሆነ ዋሌት ነው። ትረስት ዋሌት፣ ሜታማስክ፣ ለቢትኮይን ብቻ የሚሆኑት ኤሌክትረምና ብሉዋሌት ከዚህ ይመደባሉ። እነዚህ ሲከፈቱ 12 ወይም 24 ቃላት ይሰጣሉ፤ ሲድ ፍሬዝ ይባላሉ። ስልኩ ቢሰበር፣ ቢሰረቅ፣ አፑ ቢጠፋ በእነዚያ ቃላት ሌላ ስልክ ላይ ሁሉም እንዳለ ይመለሳል። ቃላቱን ያየ ሌላ ሰውም እንደዚያው ይመልሰዋል፤ ወደ ራሱ።

አብዛኛው ዋሌት የሚጠቀምበት የቃላት ዝርዝር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። 2,048 ቃላት አሉት፤ የእንግሊዝኛው በ«አባንደን» ይጀምርና በ«ዙ» ያበቃል። ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ስፓኒሽ፣ ቼክኛ ሳይቀር ዝርዝር ተዘጋጅቶላቸዋል፤ አማርኛ የለም። ስለዚህ የእኛ ሰው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወጥመዱም እዚህ አለ። ቃሉን በፊደላችን የሚጽፍ ሰው አይቻለሁ፤ ለማንበብ ስለሚቀለው። ነገር ግን ዝርዝሩ ውስጥ «ጥንድ» ማለት የሆነው ፔር እና ፍራፍሬው ፔር ሁለቱም አሉ። «ቀኝ» ወይም «ትክክል» የሆነው ራይት እና «ጻፍ» የሆነው ራይትም እንዲሁ። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ይለያያሉ፤ በእኛ ፊደል አንድ ናቸው። ስለዚህ ቃላቱ ስክሪኑ ላይ እንዳሉ፣ በላቲን ፊደል፣ ከነተራ ቁጥራቸው ይገልበጡ። በእንግሊዝኛው ዝርዝር የእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያ አራት ፊደላት ከሌላው ስለሚለዩት ቢያንስ እነሱ በጉልህ ይነበቡ።

የት ይጻፍ? ስክሪንሾት ማንሳት ቀላሉ ስሕተት ነው፤ ፎቶው ሳይታወቅ ወደ ጉግል ፎቶስ ይወጣል፤ የጉግል አካውንቱ ደግሞ ስልክ ሲገዛ ሞባይል ቤት የተከፈተ፣ ፓስወርዱም የሻጩ ልጅ ያወጣው ሊሆን ይችላል። ለራስ በቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅ» መላክም ከዚህ አይሻልም። ወረቀት ይሻላል፤ ግን በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ውኃ ሲነካው ይደበዝዛል፤ የሐምሌና የነሐሴን ጣሪያ የሚያፈስ ቤት ያየ ያውቀዋል። እርሳስ በውኃ አይሟሟም። «ላሚኔት ላስደርገው» ብሎ ፎቶኮፒ ቤት መውሰድ ሞኝነት ነው፤ ቃላቱን ለማያውቁት ሰው በገዛ እጅ አቀብሎ በፕላስቲክ አሽጎ እንደ መቀበል። ገንዘቡ ከበዛ በማይዝግ ብረት ላይ ፊደሉን እየመቱ ማተም የተለመደ ነው፤ ይህንም ለብረት ሠሪው ሳይሰጡ ቤት ውስጥ። የጣና ገዳማት ብራናዎች ዘመናትን የተሻገሩት ብራናው ስለጠነከረ ብቻ አይደለም፤ ዕቃ ቤት ገብተው፣ ጠባቂ ኖሯቸው ነው።

አፑን ከየት እንደሚያወርዱትም ከምርጫው አይተናነስም። ዳታ ውድ ሲሆን አፕ በዜንደር መቀባበል ልማድ ሆኗል፤ ለዘፈንና ለፊልም ይሁን። ለዋሌት ግን አይሆንም። መልኩና ስሙ አንድ የሆነ ሐሰተኛ ዋሌት መሥራት ለሌባ ቀላል ነው፤ ቃላቱን እንዳስገቡለት ለጌታው ይልካቸዋል። ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር፣ ያውም ከዋሌቱ ራሱ ድረ ገጽ በተገኘ ሊንክ ማውረድ ነው። በዩኒቨርሲቲ ላብ ኮምፒውተር ላይ ዋሌት መክፈት ደግሞ ገበያ መሐል ቁልፍ ሰቅሎ እንደ መሄድ ነው። «የቴክኒክ ድጋፍ ነን» ብሎ በቴሌግራም በውስጥ መስመር የሚመጣ ሁሉ ሌባ ነው፤ ቃላቱን የሚጠይቅ እውነተኛ ድጋፍ ሰጪ የለም።

ምቾትን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ኔትወርክ ላይ ነው። ዩኤስዲቲ አንድ ስም ይኑረው እንጂ በትሮንም፣ በኢቴሪየምም፣ በሌሎችም መዝገቦች ላይ አለ። የትሮን አድራሻ በላቲኑ ቲ ይጀምራል፣ የኢቴሪየም በዜሮና በኤክስ። በትሮን የተቀበለ ሰው መልሶ ለመላክ ትሮን ሳንቲም ራሱ ያስፈልገዋል፤ የመላኪያው ክፍያ በእሱ ነውና። 50 ዶላር የሚያህል ዩኤስዲቲ ይዞ ለማንቀሳቀስ የማይችል ሰው ብርቅ አይደለም፤ ዋሌቱ ተበላሸ ብሎም ያማርራል። ጥሩ ዋሌት ይህን አስቀድሞ በግልጽ ያሳያል። ትልቅ ገንዘብ ከመላክ በፊት ትንሽ ልኮ መድረሱን ማረጋገጥ፣ የተለጠፈውን አድራሻ ከዋናው ጋር ከፊትም ከኋላም ማመሳከር የግድ ነው። ሲገለበጥ አድራሻውን በሌላ የሚተኩ ቫይረሶች አሉ፤ ከዚህ በፊት የላኩበትን የሚመስል አድራሻ ከታሪክ መዝገብ ውስጥ የሚሰገስጉም አሉ። የተላከ አይመለስም።

ሃርድዌር ዋሌት ፍላሽ የምታክል መሣሪያ ናት። የቼኮቹ ትሬዘር እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ ዋለ፤ የፈረንሳዩ ሌጀርም በዚያው ዓመት ተመሠረተ። ቁልፉ ከመሣሪያው አይወጣም፤ ፊርማው ውስጡ ይፈረምና የተፈረመው ብቻ ወደ ስልኩ ያልፋል፤ ስለዚህ ስልኩ ቫይረስ ቢኖረው እንኳ ቁልፉን አያገኘውም። ሌጀር ላይ የይለፍ ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ መሣሪያው በውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፣ ትሬዘር 16 ጊዜ ይታገሣል። ወደ ባሕር ዳር የምትመጣው አብዛኛውን ጊዜ በዘመድ ሻንጣ ነው፤ የተጠቀመበትን ከሰው መግዛት አይመከርም። ካርቶኑ ውስጥ 24 ቃላት ተጽፈው ከመጡ ሌባው ቅጂውን ይዞ እየጠበቀ ነው፤ ቃላት የሚሰጠው መሣሪያው ራሱ፣ በባለቤቱ ፊት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሌጀር ደንበኞች ስምና የቤት አድራሻ ሾልኮ ወጥቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለአንዳንዶቹ ሐሰተኛ መሣሪያ በፖስታ ተላከላቸው። ለጥቂት ሺህ ብር ይህን መግዛት ግን ከበጉ ገመዱ እንዳይሆን።

ለማኅበር ወይም ለቤተሰብ ገንዘብ ብዙ ፊርማ የሚጠይቅ ዋሌት አለ፤ ከሦስት ቁልፍ ሁለቱ ካልፈረሙ የማይንቀሳቀስ። እቁብ የገባ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፦ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ባንክ ሒሳቡም በጣምራ ፊርማ። አንዱ ቁልፍ ባሕር ዳር፣ አንዱ ጎንደር ወንድም ዘንድ፣ አንዱ ውጭ ቢሆን ቤት ቢቃጠልም ገንዘቡ አይጠፋም። የውርስ ነገርም ከዚሁ ጋር ይነሣል። ባለቤቱ ሳይናገር ቢሞት የትኛውም ፍርድ ቤት ቁልፉን ሊያወጣው አይችልም፤ ባለቤትዎ ወይም ልጅዎ ቢያንስ ወረቀቱ መኖሩንና የት እንዳለ ይወቁ።

ዜጌ በሚመላለስ ጀልባ ላይ የሚሠራ አንድ ወዳጄ ስልኩ ከእጁ አምልጦ ጣና ገባ። ወንድሙ የላከለት ዩኤስዲቲ ያለው እዚያ ላይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠና ለብዙ ወራት ጠፋ። ቃላቱን ሒሳብ በሚጽፍበት ደብተር ጀርባ ላይ በእርሳስ ጽፎ ነበር፤ በእኛ ፊደል። ኢንተርኔት ሲመለስ አብረን ተቀመጥን። አሥራ አንዱን ከብዙ ክርክር በኋላ ከዝርዝሩ አገኘናቸው፤ ሰባተኛው «ራይት» ይላል። የትኛው? የመጨረሻው ቃል በከፊል ለቀሩት ማረጋገጫ ሆኖ ስለሚሰላ፣ ስሕተት ሲገባ ብዙውን ጊዜ አፑ አይቀበልም። «ትክክል» የሚለውን አስገባን፤ ስክሪኑ ቀላ። «ጻፍ» የሚለውን አስገባን፤ ተከፈተ። ሒሳቡ ግን ዜሮ። ወዳጄ ደብተሩን ከድኖ ተነሣ፤ እጁን ይዤ አስቀመጥኩትና ከአፑ የሳንቲሞች ዝርዝር ውስጥ የትሮኑን ዩኤስዲቲ እንዲታይ አብርቼ አሳየሁት።