ዲፌራንስ ምንድን ነው?

ስለ ድኅረ መዋቅራዊነት (የቃላት ትርጉም አንድ ቦታ ረግቶ አይቀመጥም ስለሚለው የፍልስፍና አስተሳሰብ) የሚያወራ ሰው አጠገብ አስር ደቂቃ ከተቀመጣችሁ ይህቺ ቃል መምጣቷ አይቀርም። ዲፌራንስ። የፈረንሳዩ ፈላስፋ የዣክ ዴሪዳ ናት። በፈረንሳይኛ «ልዩነት» ከሚለው ቃል ውስጥ አንዷን አናባቢ በሌላ ቀየራት፤ በቃ፣ ይኸው ነው። አነባበቡ አልተነካም። ጆሮ ምንም አይሰማም፣ ዓይን ብቻ ያያል። በ1968 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ስለዚሁ ሲናገር የትኛውን ቃል እንዳለ ለአድማጮቹ ለማስረዳት ፊደሏን መጥራት ነበረበት።

ለእኛ ይሄ ብርቅ አይደለም። ግዕዙ በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ካለ ሌባ ገብቷል፤ በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ካለ ፀሐይ ወጥታለች። ዛሬ ስናነባቸው ግን አንድ ናቸው።

ቃሏ የተሠራችበት የፈረንሳይኛ ግስ ሁለት ፍቺ አለው። አንዱ መለየት ነው፣ ሌላው ለሌላ ጊዜ ማሳደር። ዲፌራንስ ሁለቱንም በአንድ ላይ ትይዛለች።

መለየቱ ከስዊዘርላንዱ የቋንቋ ሊቅ ከሶሱር የተወረሰ ሐሳብ ነው፤ ቃል ትርጉም የሚያገኘው ከጎረቤቶቹ ስለሚለይ ነው ይላል። ስለ አንዲት ልጅ «ቀይ ናት» ሲባል ቲማቲም ትዝ የሚለው አበሻ የለም። ጠይም አይደለችም፣ ጥቁር አይደለችም ማለት ነው። ይህቺው ልጅ ዋሽንግተን ገብታ ፎርም ስትሞላ ግን «ጥቁር» የሚለው ላይ ምልክት ታደርጋለች። ቆዳዋ አውሮፕላን ውስጥ አልተቀየረም፤ እዚህ የምትለየው ከጠይምና ከጥቁር ነበር፣ እዚያ የምትለየው ከነጭ ነው። ማንነት ከውስጥ ተሠርቶ የመጣ ነገር ይመስለን ነበር አይደል?

ማሳደሩ ደግሞ እንዲህ ነው። ጠይም ምንድን ነው? በቀይና በጥቁር መካከል ያለ። ቀይስ? ከጠይም የፈካ። እንዲህ እያለ አንዱ ቃል ወደ ሌላው ይልክሃል፣ «ነገ ና» እንደሚል ቢሮ፣ የመጨረሻው መስኮት ጋ ግን አትደርስም። «እንግዲያው ትርጉም የለም ማለት ነው» ብለው የሚደመድሙ አሉ፤ እኔ አልስማማም። «ጠይሟን ጥራልኝ» ብትል እኮ ጠይሟ ትመጣለች። ከሰምና ወርቅ ጋር የሚያመሳስሉትም አሉ፤ ግን ቅኔ ሲፈታ ወርቁ ይወጣል፣ እዚህ ወርቅ ያልነው ሁሉ ተመልሶ ሰም ይሆናል።

ዴሪዳ ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማረውም። በ1930 እ.ኤ.አ. ያኔ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በነበረችው አልጄሪያ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በ1870 የወጣ አዋጅ የአልጄሪያን አይሁዶች ፈረንሳዊ አድርጓቸው ነበር፤ በ1940 ከናዚ ጀርመን ጋር ያበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ዜግነቱን ነጠቃቸው። በ1942፣ በ12 ዓመቱ፣ አይሁዳዊ ስለሆነ ከትምህርት ቤት ተባረረ። በ1943 ዜግነቱ ተመለሰላቸው። ልጁ ያው ልጅ ነው፣ የሚናገረውም ያንኑ ፈረንሳይኛ።