በእርግዝና ወቅት የሚደረግ የዚካ አንቲቦዲ ምርመራ ምንድን ነው?

ዚካ በአብዛኛው ቀን ቀን የምትናደፈው ኤደስ የተባለች ትንኝ የምታስተላልፈው ቫይረስ ነው። ከሚይዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም፤ የሚሰማቸውም ቀለል ያለ ትኩሳት፣ ሽፍታና የዓይን መቅላት ይታይባቸውና በቀናት ውስጥ ይሻላቸዋል። ለነፍሰ ጡር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቫይረሱ የእንግዴ ልጁን አልፎ የጽንሱን አንጎል ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በብራዚል ጭንቅላታቸው ከልክ በታች ያነሰ ሕፃናት በብዛት ሲወለዱ ዓለም የደነገጠው ለዚህ ነበር።

ሳትታመም ልትያዝ የምትችል እናት መያዟ በምን ይታወቃል? ቫይረሱ ራሱ ደም ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው ለአንድ ሳምንት ያህል ነው፤ ሽንት ውስጥ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሠራቸው አንቲቦዲዎች ናቸው። የአንቲቦዲ ምርመራ እነዚህን ይፈልጋል። ቀድሞ የሚታየው አይጂኤም የሚባለው ሲሆን አይጂጂ ተከትሎ ይመጣና ለዓመታት ይቆያል።

እናትየዋን የሚያስጨንቃት ግን በሕይወቷ አንድ ቀን መያዟ ሳይሆን ጽንሱ ካለ በኋላ መያዟ ነው። ምርመራው የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። አይጂጂ መቼ እንደተያዘች አይናገርም። አይጂኤም የቅርብ ጊዜ ምልክት ነው ቢባልም፣ በብዙዎች ላይ ለ12 ሳምንታት ያህል፣ በአንዳንዶች ላይ ደግሞ ለብዙ ወራት ይቆያል። ስለዚህ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር አይጂኤም ቢገኝባት የተያዘችው ከማርገዟ በፊት ሊሆን ይችላል።

ሌላው ችግር ዝምድና ነው። ዚካ፣ ደንጌና ቢጫ ወባ የአንድ ቤተሰብ ቫይረሶች ናቸው፤ ለአንዱ የተሠራ አንቲቦዲ በሌላው ምርመራ ላይም ምላሽ ይሰጣል። ቀደም ሲል ደንጌ የያዛት ወይም የቢጫ ወባ ክትባት የወሰደች ሴት ዚካ ሳይነካት «ፖዘቲቭ» ልትባል ትችላለች።

ይህን ለማጥራት የሚሠራ ሌላ ምርመራ አለ። ባለሙያው የእናትየዋን ሴረም (ሕዋሳቱ የተለዩለትን የደም ፈሳሽ) ደረጃ በደረጃ እያቀጠነ ከሕያው ቫይረስ ጋር ይደባልቅና በሕዋሳት ላይ ያፈሰዋል። ቫይረሱ ያልተገታበት ቦታ ሕዋሳቱ ይሞታሉ፤ ከቀናት በኋላ ቀለም ሲገባ ክብ ክብ ባዶ ነጥቦች ይታያሉ። ነጥቦቹ ይቆጠራሉ። ያው ሴረም ለደንጌም በተመሳሳይ መንገድ ይፈተናል፤ የትኛውን ቫይረስ ይበልጥ እንደገታም ይነጻጸራል። ሥራው ሕያው ቫይረስ የሚያዝበት ጥብቅ ላቦራቶሪ ስለሚጠይቅ በየቦታው አይገኝም። ከዚህ ቀደም ደንጌ በያዛት ሴት ላይ ደግሞ ሁለቱም ቫይረሶች ተገትተው ሊገኙና የትኛው እንደነበር ሳይለይ ሊቀር ይችላል።

የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል ምልክት ለሌላቸው ነፍሰ ጡሮች የዚካ አይጂኤም ምርመራን የማይመክረው በዚህ ምክንያት ነው። በበኩሌ ትክክል ይመስለኛል። ትርጉሙ ያልተገለጸላትን «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ይዛ ወራትን በሥጋት የምታሳልፍ እናት ያለ አግባብ ተጎድታለች። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በእርግዝና ወቅት ዚካ ከያዛቸው እናቶች ከሚወለዱ ሕፃናት ችግር የሚታይባቸው ከ5 እስከ 15 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ግን ችግሩ እንደማይታይባቸውም ያሳያል፤ ይህ ደም ከመቀዳቱ በፊት ሊነገራት ይገባል።

ኔጌቲቭ ውጤትም የራሱ ወሰን አለው፤ ደሙ አንቲቦዲ ሳይፈጠር በፊት ወይም አይጂኤሙ ከጠፋ በኋላ ተቀድቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቫይረሱ ወዳለበት አካባቢ የሄደችበትንና ምልክት ያየችበትን ቀን ለሐኪሟ መንገሯ የውጤቱን ያህል ይጠቅማል። በእርግዝናው መጀመሪያ የተቀዳ ደም ተቀምጦ ከተገኘ ደግሞ ከአሁኑ ጋር አብሮ ይመረመራል፤ ያኔ አንቲቦዲ ያልነበረው፣ አሁን ያለው ከሆነ በመካከሉ መያዟን ይጠቁማል። የጽንሱን ሁኔታ ግን የእናት ደም አያሳይም፤ እሱን የሚከታተለው አልትራሳውንድ ነው።