ሚድሶል ምንድን ነው?

ሚድሶል ከጫማው የላይኛው ጨርቅና መሬት ከሚነካው ጎማ መካከል ያለው ወፍራም ስፖንጅ ነው። ደሴ ውስጥ ልባሽ ስኒከር የሚመርጥ ሰው ዓይኑ ቀድሞ ቀለሙና የጎማው ጥርስ ላይ ያርፋል። የሯጩን ክብደት የሚችለው ግን ስፖንጁ ነው፤ ቀድሞ የሚሞተውም እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ናይክ ኮርቴዝ የተወደደው የናይክ ተባባሪ መሥራች የሆነው የሩጫ አሰልጣኝ ቢል ባወርማን ስፖንጁን ከጫፍ እስከ ተረከዝ ስላነጠፈው ነው። ብዙም ሳይቆይ ኢቪኤ መጣ፤ በጥቃቅን የታፈኑ የአየር ከረጢቶች የተሞላ ቀላል ፕላስቲክ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ የናይክ ዲዛይነር ቲንከር ሃትፊልድ ቧንቧዎቹን በውጭ ግድግዳው ላይ ካሳየው የፓሪሱ ፖምፒዱ ማዕከል ሐሳብ ወስዶ ኤር ማክስ 1 በተባለው የናይክ ጫማ ተረከዝ ላይ የአየር ከረጢቱ የሚታይበት መስኮት ከፈተ። ከረጢቱ የተቀበረው ፖሊዩሪቴን በሚባል ሌላ የስፖንጅ ዓይነት ውስጥ ነበር።

የሁለቱ ስፖንጆች አሟሟት ይለያያል። ኢቪኤ በሩጫ ይደቃል። ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ሲሮጥበት ከረጢቶቹ ተጣጥፈው ይቀራሉ፤ በሳምንት 40 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ከሦስት እስከ አምስት ወር መሆኑ ነው። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል የሚሮጥ ሰው ተረከዙ ላይ ፍሬን ስለሚይዝ ስፖንጁ ከዚያም ቀድሞ ሊደቅ ይችላል። ፖሊዩሪቴን ግን ሳይለበስ፣ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ይፈርሳል፤ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ውስጣዊ ትስስሩን ይበጣጥሰዋል፣ ሙቀት ያፋጥነዋል። ስለዚህ «ምንም አልተለበሰም» የተባለ የሃያ ዓመት ጫማ እጅግ ያሠጋል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ስፖንጁ ደቋል። የተረከዙን ጎን በአውራ ጣት ይጫኑ፦ ተመልሶ የማይነሳ፣ እንደ እንጨት የደረቀ ወይም በአግድም የተሸበሸበ ከሆነ ለሩጫ አይሆንም። የጫማውን የፊት ክፍል ደጋግመው አጥፈው ይዘርጉት። ቢሰነጠቅ፣ እጅ ላይ ቢጣበቅ ወይም ዱቄት ቢያራግፍ ይተዉት።

ጫማ ሰፊ ዘንድ መውሰድ የሚያዋጣው ስፖንጁ ጤነኛ ሆኖ ጎማው ብቻ ሲላቀቅ ነው። የፈረሰ ፖሊዩሪቴን ላይ ማስቲሽ ቢቀባ ከነዱቄቱ ይነሳል፤ ዙሪያውን ቢሰፋ ደግሞ በመርፌው ቀዳዳ ተከትሎ ይቀደዳል። ያለው መፍትሔ ስፖንጁን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ በኢቪኤ ንጣፍ መተካት ነው፤ ያም ቢሆን ለእግር መንገድ እንጂ ለልምምድ አይመከርም።