«የውሃ ብክነት» ምንድን ነው? ሁሉም መሬት ውስጥ የሰረገ አይደለም

የዓመቱ አፈጻጸም ለምክር ቤት በቀረበ ቁጥር አንድ ቁጥር ይወጣና ከተማውን ይዞራል፦ የውሃ ብክነቱ ይህን ያህል በመቶ ነው። ወዲያው አንድ አስተያየት ሰጪ ይነሳና «ይህን ያህል ውሃችን መሬት ውስጥ ሰርጎ እየቀረ ነው፤ ቧንቧው አርጅቷል፤ በሙሉ ይቀየር» ይላል። ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ይህን ያልሰማ የለም። «ቧንቧው አርጅቷል» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል። ከፊቱና ከኋላው ያሉት ግን ከዚያ ቁጥር አይወጡም።

ሪፖርቱ ላይ «ብክነት» ተብሎ የሚጻፈው በሙያው ገቢ ያላስገኘ ውሃ የሚባለው ነው፤ ቢሮ ውስጥ ኤንአርደብሊው ይሉታል። ስሌቱ አንዲት መቀነስ ናት፦ ወደ ስርጭት ከገባው ውሃ ላይ ቢል የተቆረጠበት ይቀነሳል፣ የተረፈው ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ዓለም አቀፉ የውሃ ማኅበር በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው የውሃ ሚዛን ሠንጠረዥ ይህን ቀሪ በሦስት ይከፍለዋል። አንደኛው ተፈቅዶ ያለ ክፍያ የወጣ ነው፤ ለእሳት አደጋ፣ ለመስመር ማጠቢያ። ሁለተኛው ሰው ጋ ደርሶ ያልተቆጠረ ነው፤ ሕገወጥ ቅጥያ፣ የደከመ ቆጣሪ፣ የንባብና የመዝገብ ስሕተት። በእርግጥ የፈሰሰው ሦስተኛው ብቻ ነው፦ ከዋናው መስመር፣ ከማጠራቀሚያው፣ እስከ ቆጣሪው ድረስ ካለው የደንበኛ መስመር። ከቆጣሪው ወዲያ ሽንት ቤት ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚንጠባጠበው ውሃ ባክኗል፤ በዚህ ስሌት ግን ብክነት አይደለም፣ ምክንያቱም ተቆጥሮ ቢል ወጥቶበታል። ቃሉ በሁለቱም በኩል ያሳስታል ማለት ነው።

ባጃጅ ያከራየ ሰው ይህን ሒሳብ በየማታው ይሠራዋል። ዛሬ 5 ሊትር ቤንዚን ገብቷል፤ ሹፌሩ ያስረከበው ገንዘብ ግን የ3 ሊትር መንገድ ያህል ነው። 2 ሊትሩ የት ገባ? ሹፌሩ የባለቤቱን አክስት ከሳቢያን ሰፈር እስከ ከዚራ ድረስ በነጻ አድርሶ ይሆናል፤ ተፈቅዶለት። አስከፍሎ ኪሱ ከትቶ ይሆናል። ሰልባቲዮው፣ የነዳጁ ታንከር፣ ተበስቶ ይሆናል። ወይም ማደያው 5 ብሎ 4 ተኩል ቀድቶለት ይሆናል። ባለቤቱ ይህን ሳይለይ በማግስቱ ሰልባቲዮ ልቀይር ብሎ ገንዘብ ቢያወጣ ጎረቤት ይስቅበታል። ከተማ ሲሆን ግን ያው ሐሳብ «ቧንቧው በሙሉ ይቀየር» ተብሎ ይጨበጨብለታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ነው።

በነገራችን ላይ ያልተከፈለ ቢል እዚህ ውስጥ የለም። «የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስለማይከፍሉ ነው ብክነቱ የበዛው» የሚሉ አሉ። ቢሉ ከወጣ ውሃው ከሒሳቡ ወጥቷል፤ ያልተሰበሰበው ዕዳ ሌላ ሰነድ ላይ የሚታይ ሌላ በሽታ ነው።

ከአራቱ ጥርጣሬዎች ማንም የማያነሳው ማደያውን ነው። ወደ ስርጭት የገባው ውሃ በትክክል ካልተለካ ከሥር ያለው ስሌት ሁሉ ግምት ነው። ጉድጓዱ ላይ ያለው ትልቁ ቆጣሪ ሲቆም የተለመደው ዘዴ ፓምፑ የሠራበትን ሰዓት በስም ሰሌዳው ላይ በተጻፈው መጠን ማባዛት ነው። በሰከንድ 20 ሊትር የሚል ፓምፕ 18 ሰዓት ሠራ ሲባል 1,296 ሜትር ኪዩብ ይመዘገባል። ፓምፑ ግን ኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ) ተበልቶ፣ የጉድጓዱም ውሃ ወርዶ 16 ሊትር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ የወጣው 1,037 ነው። በቀን 259 ሜትር ኪዩብ ከጉድጓድ ሳይወጣ «ባከነ»፤ ከተመዘገበው 20 በመቶ። ይህን ቀዳዳ የትኛውም የቧንቧ ጠጋኝ አያገኘውም። ትልቁ ቆጣሪ ቢኖርም አተካከሉ ይታያል፦ መካኒካል ከሆነ ከፊቱ የቧንቧውን ስፋት 10 እጥፍ፣ ከኋላው 5 እጥፍ ቀጥ ያለ መስመር ካላገኘ፣ ክርን ወይም ጌት ቫልቭ ሥር ከተለጠፈ፣ ንባቡ አይታመንም።

የደንበኛ ቆጣሪ ደግሞ ድሬዳዋ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። ውሃው ከባድ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረው ነጭ ድንጋይ ቆጣሪ ውስጥም ይጋገራል። ተሽከርካሪው ሲከብደው ቀጭን ፍሰት አያዞረውም። ክላስ ቢ የሚባለው ባለግማሽ ኢንች ቆጣሪ አዲስ ሆኖ እንኳ ትክክል ሊለካ የሚጠበቅበት ከሰዓት 30 ሊትር ጀምሮ ነው። ሮቶ ያለበት ቤት ተንሳፋፊው ኳስ ሊዘጋ ሲቃረብ ውሃውን በቀጭኑ ያሳልፋል። በሰዓት 10 ሊትር ያለ ቆጠራ ቢያልፍ በቀን 240፣ በወር 7 ሜትር ኪዩብ ነው። ሌባ የለም፣ ፍሳሽ የለም፤ ውሃው ሮቶው ውስጥ ነው። አንዳንዴ ግን ተገላቢጦሽ ይሆናል፦ የቆጣሪው መግቢያ ላይ ያለው ማጣሪያ በከፊል ሲደፈን ውሃው በጠባቡ ቀዳዳ በፍጥነት ገብቶ ቆጣሪውን አብዝቶ ያስቆጥረዋል። ፈረቃ ባለበት ሰፈርም መስመሩ ሲከፈት ከውሃው ቀድሞ የሚወጣው አየር ቆጣሪ ያዞራል፤ «አየር ነው የምንከፍለው» የሚሉ ደንበኞች ዝም ብለው አይደለም። ለመፈተሽ የታወቀ 20 ሊትር ልክ ያለው ዕቃ ይያዝ፤ ጀሪካን እስከ አፉ ከሞላ ከ20 ይበልጣልና ልኩ አስቀድሞ ምልክት ይደረግበት። አምስት ጊዜ በሰፊ ፍሰት፣ አምስት ጊዜ በቀጭን ፍሰት ተቀድቶ በቀይ የተጻፉት የሊትር ቁጥሮች ይነጻጸሩ። በሰፊው ልክ ሆኖ በቀጭኑ የሚያጎድል ቆጣሪ ብዙ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የፈተሸ «ደህና ነው» ብሎ ይሄዳል።

የመዝገቡን ስሕተት በአንድ ምሳሌ ልለፈው፦ ጳጉሜን። የበጀት ዓመቱ የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜን፣ መስከረም ነው፤ 95 ቀን፣ አንዳንዴ 96። ፓምፑ ጳጉሜንን አያርፍም። ቆጣሪያቸው ላልተነበበ ቤቶች ግን በአማካይ የ30 ቀን ቢል ከተሞላ ለእነዚያ ቤቶች የተቆጠረው 90 ቀን ነው። በሁሉም ቤት ቢሆን 5 ቀን ከ95፣ ከ5 በመቶ የሚበልጥ «ብክነት» በካላንደር ብቻ ይፈጠራል። በሁለተኛው ሩብ ዓመት ትክክለኛው ንባብ ሲመጣ ያው ውሃ ይመለስና «ብክነት ተቀነሰ» ተብሎ ይመሰገንበታል።

አሁን ወደ እውነተኛው ፍሳሽ። እዚህም ዓይን የሚያየውና ውሃውን የሚወስደው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መንገድ ላይ የፈነዳ ዋና መስመር በሰከንድ 10 ሊትር ቢያፈስ ሰው ይጮኻል፣ ባጃጅ ይቆማል፣ በ10 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል፤ 360 ሜትር ኪዩብ ሄደ። የቤት መስመር ከዋናው በሚገናኝበት ሳድል ላይ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አለ እንበል። በ30 ሜትር ግፊት (30 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ በሚጫነው ልክ) በሰከንድ 0.29 ሊትር ገደማ ነው፤ በሰዓት አንድ ሜትር ኪዩብ፣ በቀን ከ1,200 ጀሪካን በላይ። የድሬዳዋ መሬት ብዙው አሸዋና ደለል ነው፤ እንዲህ ያለ ውሃ ወደ ላይ ሳይወጣ ወደ ታች ይጠጣል። ግፊት ሳይቋረጥበት ስድስት ወር ቢቆይ ከ4,400 ሜትር ኪዩብ በላይ ነው፤ የዚያ አስደንጋጭ ፍንዳታ 12 እጥፍ። ስለዚህ ፍሳሽ ማለት የቀዳዳው ስፋት ብቻ አይደለም፤ እስኪታወቅ፣ ቦታው እስኪለይ፣ እስኪጠገን የሚሄደው ጊዜም ነው። የጥገና ሪፖርት የተጠገነውን ብዛት ብቻ ሲጽፍ ከሦስቱ ጊዜያት አንዱንም አይነግረንም።

አስተያየት ሰጪያችን እዚህ ጋ «እንግዲያው መስመሩ ሲቀየር ሳድሉም ይቀየራል» ሊል ይችላል። ይቀየራል፤ በአሮጌው ላይ የተቀጠለው ሁሉ ወደ አዲሱ እስከተዛወረና አሮጌው ጫፉ ተቆርጦ እስከተዘጋ ድረስ። ግፊት ያለበት አሮጌ መስመር ከአዲሱ ጎን ተቀብሮ ከቀረ ከተማው አሁን ሁለት መስመር ያፈስበታል። ዕድሜም ብቻውን ዳኛ አይሆንም፤ በደንብ የተቀበረ አሮጌ ብረት፣ ከሚተኛበት አፈር ላይ ድንጋይ ሳይለቀም ከተቀበረ አዲስ ፒቪሲ ሊሻል ይችላል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ግንብ ውስጥ፣ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ኤክስካቫተር አይገባም፤ ቁፋሮው በእጅ ነው። ስለዚህ በማዳመጫ ዘንግ ቦታውን በአንድ ሜትር ውስጥ ለይቶ መቆፈር የግድ ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ግን በመቶው ራሱ ነው። 10,000 ደንበኛ ያላት ከተማ ትኑር፤ በቀን 10,000 ሜትር ኪዩብ ታስገባለች፣ 6,000 ትሸጣለች። ብክነቱ 40 በመቶ። አዲስ ጉድጓድ 4,000 ቢጨምርና ሁሉም ቢሸጥ የገባው 14,000፣ የቀረው ያው 4,000፤ ብክነቱ ወደ 28.6 በመቶ ወረደ። አንድ ሳድል አልተጠገነም። ሰልባቲዮው የሚያንጠባጥብ ባጃጅ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ከዋለ ያንጠባጠበው ከመቶ ትንሽ ነው፤ ግማሽ ቀን ቆሞ ከዋለ ብዙ ነው፤ ቀዳዳው ያው ነው። በደንበኛ በቀን ስንት ሊትር ተብሎ ቢጻፍ በሁለቱም ጊዜ 400 ሊትር ነው፤ ይህ አይዋሽም። ፈረቃ ባለበት ከተማ ደግሞ መስመሩ በቀን ስንት ሰዓት ውሃ እንደነበረበት ካልተጻፈ 400ውም ያታልላል። በቀን 8 ሰዓት ብቻ ውሃ በሚያገኝ መስመር 400 ሊትር ከፈሰሰ፣ ግፊቱ ባለበት ቆይቶ 24 ሰዓት ሲከፈት 1,200 ይሆናል። ከአዲስ ጉድጓድ ማግስት «ብክነት ጨመረ» የሚባለው አንዳንዴ ይኸው ነው፤ ቀዳዳዎቹ አልበዙም፣ የሥራ ሰዓታቸው ነው የረዘመው።

ሐረር ላይ አንድ ተጨማሪ መስፈሪያ ያስፈልጋል፤ መብራት። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ከተማዋ ከድሬዳዋ በኩል ከሐሰሊሶ ጉድጓዶች ተገፍቶ በሚወጣ ውሃ ላይ ተደግፋ ቆይታለች፤ የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት ብቻ ከ600 ሜትር በላይ ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ 600 ሜትር ለማንሳት በወረቀት 1.6 ኪሎዋት ሰዓት፣ ፓምፕና ሞተሩ 65 በመቶ ብቃት ቢኖራቸው 2.5 ገደማ ይፈጃል፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ፍትጊያ ሳይቆጠር። ስለዚህ ሐረር የፈሰሰ ውሃ ድሬዳዋ ከፈሰሰው እኩል አይደለም፤ ዳገቱን ከወጣ በኋላ ነው የፈሰሰው። ሁለቱን ከተሞች በበመቶ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ያኛው ይሻላል» ማለት ትርጉም የለውም።

ቋሚ ኮሚቴ ሪፖርት ሲገመግም ከበመቶው ይልቅ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ትልልቆቹ ቆጣሪዎች መቼ ተፈተሹ፣ ከገባው ውሃ ስንቱ በቆጣሪ ስንቱ በፓምፕ ሰዓት ተገመተ? ስንት ቤት ሳይነበብ በአማካይ ተሞላ? ፍሳሽ ከተጠቆመ እስከተዘጋ ስንት ሰዓት፣ ሳይጠቆም በፍለጋ የተገኘውስ ስንት? የተጠገነው በየቧንቧው ዓይነትና ስፋት ተለይቶ ተመዝግቧል? የመጨረሻው ከሌለ የትኛው መስመር ይቀየር የሚለው በሙሉ ግምት ነው። ጠጋኙ ከጉድጓዱ ሳይወጣ «ጂአይ (ዚንክ የተለበጠ ብረት)፣ 2 ኢንች፣ ሳድል ላይ፣ በዝገት» ብሎ መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።

የሌሊቱን ፍሰት ለክቶ ፍሳሽ መገመት የሚመከር ዘዴ ነው፤ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ሰው ተኝቷልና የሚፈሰው ቀዳዳው ነው ይባላል። ፈረቃው ሌሊት በሚደርስበት ሰፈር ግን ሰው አይተኛም፤ ሮቶና በርሜል ይሞላል። እዚያ የሚሻለው ከማጠራቀሚያው መጀመር ነው። መግቢያውም መውጫውም ይዘጋ፣ የውሃው ከፍታ በሜትር ይለካ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ እንደገና ይለካ። 10 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ታንከር አንድ ሴንቲ ሜትር መውረድ 785 ሊትር ነው። ከወረደ ወዲያው «ታንከሩ ተሰነጠቀ» ብሎ ሲሚንቶ ማዘዝ አይገባም፤ በመጀመሪያ የመውጫው ቫልቭ አጥብቆ መዝጋቱ ይረጋገጥ፤ ከታች ያለው መስመር ላይ ጆሮ ሲደረግ ውሃ የሚያልፍ ከተሰማ የሚቀየረው ቫልቩ ነው።